የእናቶቻችንን ሰንበት ማን ላይ ጣልናት?

ወገኖቼ፣ የቤተ እስራኤል ልጆች! በተለይ እናንተ እንደ እኔ በልጅነታችሁ የሱዳንን በረሃ በእግራችሁ አቋርጣችሁ፣ እዚህ እስራኤል አድጋችሁ፣ ዛሬ ልጅ የምታሳድጉ! የምነግራችሁ አለኝ። ብትቆጡኝም ልቆጣችሁ ነው፤ ከቁጣው እኔም አላመልጥም።

ባለፈው ስግድ፣ በጾምና በጸሎት በዓላችን ቀን፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ከሚባለው ከፍታ ወጥተን ነበር። ቄሶቻችን በዣንጥላቸው ሥር ቆመው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ ሽማግሎቹና ባልቴቶቹ እጃቸውን ወደ መቅደሱ ቦታ ዘርግተው ያለቅሳሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ «አባ፣ ሳፍታ (አያቴ) ለምንድን ነው የምታለቅሰው? ቄሱስ ምን እያሉ ነው?» አለችኝ፣ በዕብራይስጥ። ጆሮዬን ጣል ባደርግ አንዱን ቃል ስይዝ አሥሩ አመለጠኝ። «ስለ ኢየሩሳሌም ነው» ብዬ አለፍኳት። ከኋላችን ጾሙ ሳይፈታ ሙዚቃ ከፍተው የሚበሉ ወጣቶች ነበሩ። አልገሠጽኳቸውም። ምን ብዬ ልገሥጻቸው? የእኔ ልጅና እነሱ ልዩነታቸው ስንት ነው?

የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ ሲያውጅ አልቅሰን ተደስተናል፤ ደስታውም ይገባን ነበር። ግን ሕጉ ቀኑን ቢሰጠን ጾሙን አይጾምልንም፤ ቄሱ የሚያነበውን ለልጃችን አይተረጉምልንም። እኛ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ነጭ ለብሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ የአባቶቻችንን ሃይማኖት የጠበቅን እየመሰለን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ሰንበት ጎንደር ላይ ምን እንደነበረች ረስታችኋል? ዓርብ ረፋዱ ላይ እናቶቻችን ልብሱን ወንዝ ወርደው ያጥቡ ነበር። ሰውነታችንን ታጥበን፣ ነጭ ለብሰን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። የምድጃው አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት የሚባል ነገር የለም፤ ምግቡም ቀዝቃዛ ነው፣ ቡናም አይፈላም። ብርዱ ቢያንቀጠቅጥም ሕፃን ቢያለቅስም የሚነካው የለም። በማግሥቱ ወደ ጸሎት ቤት ሄደን፣ ቄሱ ዳቦውን ባርኮ ቆርሶ ሲያድለን «ሰንበት ሰላም» እንባባላለን። ጎረቤቶቻችን በዚህ ንጽሕናችን «አትንኩኝ» የሚል ስም አውጥተውልን ነበር፤ «ቡዳ» የሚለንም ነበር። መሬት ከልክለውናል፤ ሰንበታችንን ግን ማንም አልቀማንም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሱዳን መጠለያ ውስጥ ስንገባ አይሁድ መሆናችንን መናገር አይቻልም ነበር። እናቴ ዓርብ ማታ ድንኳኑን ዘግታ እሳት አለመንካቷን ጎረቤት እንዳያውቅባት «አመመኝ» ብላ ትተኛ ነበር። በዚያ መንገድና በዚያ መጠለያ 4000 ያህል ወገኖቻችን አለቁ። መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሄዳለን፣ እናለቅሳለን። እነዚያ ሰዎች የሞቱት ልጆቻቸው አገራቸው ገብተው ዓርብ ማታ ስልክ እንዲነካኩ ነው?

በረሃብ የያዝናትን ሰንበት በጥጋብ ለቀቅናት። ያውም አገሩ ሁሉ በሚያርፍባት ቀን፣ አውቶቡሱ ቆሞ፣ ሱቁ ተዘግቶ! በጠላት መካከል የጠበቅናትን በወገን መካከል መተዋችን ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል።

«ረባኑቱ ነው ያዳከመን» የሚለኝ አለ፤ የአገሩን የረቢዎች የበላይ መሥሪያ ቤት ማለቱ ነው። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 አባቶቻችን እንደ አዲስ አይሁድ ለመሆን ውኃ ውስጥ ጥለቁ ተብለው፣ አይሁድነታቸው ተጠርጥሮ፣ ኢየሩሳሌም ረባኑቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ጮኸዋል። ዋና ረቢ የነበሩት ራብ ዖቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድ መሆናችንን ከፈረዱ በኋላ ማለት ነው! ቄሶቻችን እስከ ዛሬ ለማጋባትና ለማፋታት እንደ ራባኒም (ረቢዎች) ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ይህ ግፍ ነው፤ ልንታገለው ይገባል፣ ስትታገሉም ከጎናችሁ ነኝ። ግን ንገሩኝ፤ ልጅህን አማርኛ እንዳታስተምር የከለከለህ የትኛው ረብ ነው? ቄሱን ለቅዳሜ ምሳ እንዳትጠራቸው በር ላይ የቆመብሽ ማነው?

አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ተቀምጠው አይቻለሁ። ሐኪሟ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀች። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል ልጄ» አሉ። ልጁ አሥራ አራት ቢሆነው ነው። ትንሽ አሰበና «ሆዷን ያማታል» ብሎ ተረጎመ። ሐኪሟ የሆድ ምርመራ ጻፈችላቸው። ሴትዮዋ ሰው ናፍቋቸው ነበር! ልሂድና ልናገር ስል ተራቸው አልቆ ወጡ። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ልጁን «ተባረክ» እያሉ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። የምፈርደው አባቱ ላይ ነው፣ እኔም ላይ። እኛ ነን እዚህ ስንመጣ በትምህርት ቤት በሰጡን ስም ተጠርተን፣ እናታችን በአማርኛ ስትጠራን ጓደኞቻችን እንዳይሰሙ አንገታችንን የደፋን። ያን እፍረት አድገን እንኳ አልጣልነውም፤ ለልጆቻችን አወረስነው።

እናንተም አባቶች፣ ጥፋት አለባችሁ፤ በአክብሮት ልናገር። «ልጆቹ አይሰሙንም» ብላችሁ ዝም አላችሁ። የመንገዱን ነገር፣ የቀበራችኋቸውን፣ በሌሊት የተጓዛችሁትን በሆዳችሁ ይዛችሁ ዝም። በተሰበረ ዕብራይስጥም ቢሆን ንገሩን። በአማርኛ ብትነግሩን ደግሞ ይሻላል፤ ያልገባን ይጠይቃል።

ወጣቶቹን ቄስ ዘንድ ላኩ፤ ግዕዙን የሚያውቁት አባቶች እየተቆጠሩ ነው፣ በየዓመቱ አንዱን እንቀብራለን። ዓርብ ከሰዓት ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ክተቱ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ እናታችሁ ቤት ሂዱ፤ ሥራ አለብኝ አትበሉ፣ ሰንበት ላይ ሥራ የለም። ገብታችሁ «ሰንበት ሰላም እማ» በሉ፤ ልጁም ይበል፣ አፉ ቢኮላተፍም።

እናቴ ሬሖቮት ከተማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ዛሬም ዓርብ ዓርብ የምትደፋው ዳቦ ለአሥር ሰው ይበቃል።