ጠዋት ማን ይቀስቅሰን?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው የግል ግቡን ይዞ ሳይሰለች ከቀን ቀን እንዲዘልቅ የሚያደርገው ሌሎች ሲጠብቁት ነው ወይስ የራሱ ፍላጎት? ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሰፉ እናት «ሰው ሲጠብቀው ነው» ይላሉ። ከሥራ በፊት የሚሮጥ ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ «የለም፣ የራሱ ፍላጎት ነው» ይላል። ተራ በተራ ጽፈዋል።

ልብስ ሰፊዋ፦

እኔ ስለ ወኔ ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው ዕቁብ ነው። የጥልፍ መኪና ልገዛ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ገንዘብ አስቀመጥኩ። ማስቀመጡንስ አስቀመጥኩ። ዛሬ ለዘይት፣ ነገ ለልጅ ደብተር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እንዲያው ስንት እንደደረሰ ለማየት እያልኩ ስከፍተው የሳጥኑ ቁልፍ ላላ። መኪናው ይቅርና ክሩም አልተገዛ።

ከዚያ ከጎረቤት ባለሱቆች ጋር የሳምንት ዕቁብ ገባሁ። 24 ሰው፣ በሳምንት 1,000 ብር። ብሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሰብሳቢው አስረክባለሁ። ገበያ በቀዘቀዘበት በጾሙ ሰሞን እንኳ አንድ ሳምንት አልዘለልኩም፤ ከየት ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ፀሐፊው ስሜን ሲጠራ 23 ሰው ዞሮ ያየኛል፤ ዋስ የሆነችኝ ጎረቤቴም እዚያው አጠገቤ ናት። ለራሴ የገባሁትን ቃል ስንቴ በልቼዋለሁ። የእሷን ፊት ግን እንዴት አድርጌ ልየው?

እናም ልጆች «ሞራሌ ወረደ፣ እንዴት ላንሳው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ ዋስ ጥሩ።

የሂሳብ ሠራተኛው፦

እትዬ፣ ዕቁብን አልነካም፤ እናቴም ጣሪያዋን ያደሰችው በዕቁብ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ብር ነው፤ ብር ይቆጠራል፤ ሰብሳቢው ተቀብሎ ይመዘግባል። ሲጋራ ለመተው የሚታገል ሰው እሑድ እሑድ ምኑን ያስረክብ? ቋንቋ የሚማረውስ?

የራሴን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ከመሥሪያ ቤት ስምንት ሆነን ለታላቁ ሩጫ ተመዘገብን። 10 ኪሎ ሜትር ነው። የቀረ ቡና ይጋብዛል ብለን ሕግ አወጣን፤ ነሐሴን ከነጭቃው ጃን ሜዳ ላይ ሮጥነው። ያው የእርስዎ ዕቁብ ማለት ነው። ኅዳር ደረሰ፣ ሁላችንም ጨረስን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ፎቶ ተነሳን። በማግስቱ ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞም። እኔም ብሆን አልሄድኩም። ስምንት ጥንድ ጫማ በየአልጋው ሥር ገባ።

በኋላ በ2012 በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ሜዳችን ሽንኩርትና ቲማቲም ሆነ። እንደገና መሮጥ ያማረኝ፣ የሚገርመው፣ ያኔ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ዘበኛው በር ይከፍትልኛል፤ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በእርስዎ ሱቅ ደጅ አልፌ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። የሚጠብቀኝ የለም፣ የምነግረውም የለም። ዳገቱ ጠንከር የሚልበት ቦታ ላይ የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበለኛል፤ ለእሱ ስል ነው የምነሳው። በወሬ ሳይሆን በእግሬ የቆየሁት እንዲህ ነው። ብቻ አሁን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳይሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ፦

ልል የነበረው ሃምሳ ሎሚን ነው፤ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ከቀደምከኝ ግን ተረቱን ትቼ ሩጫውን ልያዝ።

አትሌቶቹን ሱቄን ስከፍት ከእንጦጦ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ተከታትለው ነው። አንዱ ይመራል፣ የቀሩት እግሩን እያዩ ይከተላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይቀያየራሉ። አበበ ቢቂላስ? በ1952 በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ከሜዳ ተነስቶ የሄደ ብቸኛ ሰው አልነበረም። የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥነው ነበር፤ አብሮት የተላከው አበበ ዋቅጅራም በዚያው ማራቶን 7ኛ ወጥቷል። እዚያ ሁሉ ትዕዛዝ፣ ሰዓትና ጓድ አለ።

ስለ ጓደኞችህ ያልከው ደግሞ ማኅበሩ መጥፎ መሆኑን ሳይሆን አጉል መበተኑን ነው የሚያሳየው። እኛ ዘንድ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ አይጠፋም። እኔ በ17ኛው ሳምንት ወጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ከፍያለሁ። እናንተ ፎቶ ተነስታችሁ ተበተናችሁ።

በነገራችን ላይ «ዘበኛው በር ይከፍትልኛል» አልክ አይደል? አንድ ቀን ተኝተህ ብትቀር ምን ይልሃል?

የሂሳብ ሠራተኛው፦

«ዛሬ አመመህ እንዴ?» ይለኛል። እዚህ ላይ ይዘውኛል።

ቢሆንም ባለፈው ክረምት ቁልፉን ትቶልኝ ሁለት ሳምንት አገሩ ከርሞ ነበር። ከአሥራ አራቱ ቀን ሦስቱን ቀርቻለሁ፤ አልዋሽም። በአሥራ አንዱ በሩን ራሴ ከፍቻለሁ።

አበበን ካነሱት ደግሞ እስከ መጨረሻው እንውሰደው። በ1961 በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። የሁለት ኦሊምፒክ ማራቶን ባለወርቅ ነው፤ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰው ነበር? እሱ ግን እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ለዚህ ዋስ የጠራ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፤ መኪናውን ከገዙ በኋላስ?

ልብስ ሰፊዋ፦

ይህን ባትጠይቀኝ በወደድኩ። መኪናው መጣ፤ ክሩ በስንት ቀዳዳ እንደሚያልፍ አየሁና ፈራሁት። በአሮጌ አንሶላ ሸፈንኩት። አራት ወር። ደንበኛ ሲመጣ «ቴክኒሻን እየጠበቅኩ ነው» እላለሁ፤ በጎን ያንኑ የእግር መርገጫዬን ቋ ቋ አደርጋለሁ። ዕቁቡ አልቋል፣ እሑድ ስሜን የሚጠራው የለም።

አንሶላውን ያስገለጠችኝ አንዲት ደንበኛ ናት። ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ፣ ከደረቱ እስከ ጫፉ የሚወርድ የመስቀል ጥልፍ ያለው፣ አዘዘች። ቀብድ ሰጠችኝ፤ እኔም በዚያው ቀን ለቤት ኪራይ አዋልኩት። ብሩ ከተበላ በኋላ ወዴት ይኬዳል? ገለጥኩት። ሦስት መርፌ ሰበርኩ፣ አንድ ሜትር ጨርቅ አበላሸሁ፣ ግን ለገና አደረስኩላት። ስለዚህ አሁንም ሰው ነው!

የሂሳብ ሠራተኛው፦

ይቅርታ እትዬ፣ ሙያዬ ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። ለጥምቀት የታዘዘ ቀሚስ ለገና ከደረሰ 12 ቀን ቀድመዋል። ደንበኛዋ አልነዘነዘችዎትም፣ ቀኑም አልደረሰም። እነዚያን 12 ቀናት ያስቸኮለዎት ማን ነው?

ልብስ ሰፊዋ፦

ማንም። መስቀሉ እያማረ ሲመጣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ይህን አንድ ቅጠል ብቻ» እያልኩ ዶሮ እስኪጮህ እቀመጥ ነበር። እሱን አልክድህም፤ የባሕር ዛፍህ ሽታ የሚሉት ይኸው ይሆናል።

ግን ቀብዱ ባይኖር አንሶላው እስከ ዛሬ አይገለጥም ነበር። ይህንንም በሂሳብህ አስገባው።

ለፋሲካ አምስት ቀሚስ ይዣለሁ፤ የምኖረውም ከሱቁ ኋላ ነው። ሌሊት ስታልፍ መብራቴ በርቶ ካየህ ሻይ አለ፣ ግባ። ጠፍቶ ካየኸው ደግሞ አንኳኳልኝ።