ካፌውን ዘግታችሁ ድመቷን የት ልታደርሷት ነው?

አርኤስፒሲኤ እና ካትስ ፕሮቴክሽን በእንግሊዝ በእንስሳት ጉዳይ ቃላቸው የሚደመጥ ትልልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ የድመት ካፌዎች፣ ማለትም እንግዳ ከፍሎ ቡና እየጠጣ ከድመቶች ጋር የሚቀመጥባቸው ቤቶች፣ ቀስ በቀስ እንዲጠፉ ጠየቁ። አዲስ ፈቃድ አይሰጥ፣ የተሰጠውም ጊዜው ሲያበቃ አይታደስ አሉ። በካፌ ውስጥ የድመትን ፍላጎት ማሟላት ከሞላ ጎደል አይቻልም ብለውም ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ የድመት ካፌ ነገር በተነሳ ቁጥር ይህ ድምዳሜ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጠቀሳል። እኔ ግን የችኮላ ድምዳሜ ነው እላለሁ፤ ከመጠለያ ድመት እያመጡ አሳዳጊ የሚያገኙላቸው ካፌዎች አሉና። ዋጋውንም የሚከፍሉት አሳዳጊ አጥተው በየመጠለያው የሚጠብቁት ድመቶች ናቸው።

ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ ደካማው በብዛት የሚደጋገመው ነው፤ ድመት የማታውቃቸው ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ ትጨነቃለች የሚለው። በመጠለያስ የሚጎበኟት የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው? እዚያም እንግዳ ሰው በመስተዋት ወይም በሽቦ በኩል አፍጥጦ ያያታል። በአግባቡ በተሠራ ካፌ ውስጥ ግን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች፣ ሰው ወደማይገባበት ክፍል ትሸሻለች፣ ያልወደደችውን ሰው ትታው ትሄዳለች። በጠባቡ ማቆያ ውስጥ ያለችው ፊቷን ወደ ግድግዳ ከማዞር ሌላ ምን አማራጭ አላት? በአንዱ ቦታ ጭንቀት ተብሎ የተወገዘው ነገር በሌላው ቦታ የጉብኝት ሰዓት ተብሎ በር ላይ ይለጠፋል።

መጠለያ ድመቷን ከሞት ያተርፋል፤ ማንነቷን ግን ይደብቃል። ምግቧ፣ መኝታዋና መጸዳጃዋ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው፤ ድመት ደግሞ በተጸዳዳችበት አጠገብ መብላት አትወድም። ግራ ሲገባት መጸዳጃ ሣጥኗ ውስጥ ሳይቀር ገብታ ትጋደማለች። ጆሮዋን አጣጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ተኮራምታ ያገኛት ጎብኚ «ይቺ ጠባይ የላትም» ብሎ ያልፋታል። ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ። አብዛኞቹ ድመቶች ደግሞ በሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር የሄርፒስ ቫይረስ አለባቸው፤ ጭንቀት ሲበረታ ይነሳል። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ታነጥሳለች፣ ተለይታ እንድትቀመጥ ይደረጋል፣ የሚያያት ሰው ይቀንሳል፣ ቆይታዋ ይራዘማል፣ ጭንቀቷም ይብሳል። ያቺው ድመት ሶፋና መስኮት ባለበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ክር ታሳድዳለች፣ በሰው ጉልበት ላይ ትተኛለች፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር መኖር መቻል አለመቻሏ ይታወቃል። ሊወስዳት የሚያስብ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በማቆያ በር ላይ ቆሞ ለአፍታ ቢያያት ፈጽሞ አያገኘውም። የጊዜው ነገር ደግሞ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ መጠለያዎች ከገቡት 3.2 ሚሊዮን ያህል ድመቶች 530,000 ያህሉ መገደላቸውን ኤኤስፒሲኤ የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ይገምታል። ብዙ ቦታ ላይ መጠለያው ሲጨናነቅ፣ ተደብቃ የምትቆየዋ ድመት ሞቷን ትጠብቃለች ማለት ነው።

በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ይህ የገባቸው አሉ። የተጣሉ ድመቶችን የሚታደገው ካት ታውን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የድመት ካፌውን ሲከፍት በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከከተማው መጠለያ የሚወስደው ደግሞ ቆንጆና ተጫዋች ግልገሎችን እየመረጠ አልነበረም፤ በመጠለያ ሕይወት ክፉኛ የሚጎዱትን፣ ፈሪዎቹንና ያረጁትን ነው እንጂ። ቡናው የሚፈላበትና ድመቶቹ የሚኖሩበት ክፍል በግድግዳ ተለያይቶ ነበር። ይህ አሠራር በእንግሊዝ ገና ብርቅ ነው የሚል ካለ፣ ብርቅ የሆነ መልካም ነገር ይበዛል እንጂ ፈቃዱ አይነጠቅም።

እርግጥ ከታይፔ እ.ኤ.አ. በ1998 ተነስቶ በጃፓን የተስፋፋው የድመት ካፌ መልኩ ሌላ ነበር፤ ድመቶቹ የቤቱ ናቸው፣ እዚያው ያረጃሉ። ሃያ ድመት በአንድ ክፍል አጭቆ ትኬት የሚሸጥ ሰው ፈቃዱን ቢያጣ አልከራከርለትም። ነገር ግን የእሱን ጥፋት ይዞ ድመት ለአሳዳጊ የሚያደርሰውን ካፌ መዝጋት አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቤቱን መርምረው ፈቃድ የሚሰጡበት ደንብ አለ። መጥፎውን ከጥሩው ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ በእጅ እያለ ሁሉንም በጅምላ መጥረግ ለእንስሳት ማሰብ አይደለም።

ገንዘቡንም እንይ። የካፌው እንግዳ በቀጠሮ መጥቶ ለሰዓቱ ይከፍላል፤ ያ ክፍያ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ የመጸዳጃውን አሸዋ ይሸፍናል። ክትባቱን፣ እንዳይወልዱ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምናና የአሳዳጊውን ማጣራት ድመቶቹን የሚያቀርበው የእንስሳት መታደጊያ ድርጅት ይይዛል። አንዲት ድመት ቤት ባገኘች ቁጥር በመጠለያው ለሌላዋ ቦታ ይለቀቃል። በየዓመቱ ቦታ ጠበበን የሚሉ ድርጅቶች ይህን የመሰለ ረዳት ሲገፉ ማየት ያበሳጫል።

«ድመት የሚወድ ቤቱ ያሳድግ» የሚሉም አሉ። ለንደን ውስጥ አከራዩ እንስሳ የከለከለው ሰው ምን ያድርግ? እዚህ እንግሊዝ በምንኖረው በእኛ በሐበሾች ዘንድ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ድመትን የምናውቃት አይጥ እንድትይዝ ነው፤ ፍርፋሪ በልታ ጓዳ ታድራለች እንጂ ሳሎን አትገባም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ድመት ግዙልን እያሉ ሲያስቸግሩ እናት ትፈራለች፣ አባት ይቆጣል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መጠለያ ሄዶ የአሳዳጊነት ቅጽ አይሞላም። ቡና ወዳለበት ግን ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተቀምጣ ድመት ያጠናች እናት ፍርሃቷ ይለቃታል። አዲሱ የእንግሊዝ የተከራዮች ሕግ ለእንስሳ ፈቃድ የሚጠይቅን ተከራይ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክለው ባዘዘበት ጊዜ፣ ከድመት ጋር ኖሮ የማያውቀው ይህ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የት ይተዋወቃት?

ምክር ቤቶቹ የሚፈለግባቸው ቀላል ነው። ፈቃዱን ይስጡ፤ ነገር ግን ድመቶቹ ሁሉ ከታወቀ የእንስሳት መታደጊያ ድርጅት የመጡ ይሁኑ፣ ከሰው የሚሸሹበት ክፍል ይኑራቸው፣ ካፌው በየዓመቱ ስንቶቹን ለአሳዳጊ እንዳስረከበ በይፋ ይናገር። ካትስ ፕሮቴክሽንም በከተማ መሃል እንዲህ ያለ አንድ ክፍል ከፍቶ በራሱ ድመቶች ይሞክረውና ከማቆያዎቹ ጋር አወዳድሮ ውጤቱን ይንገረን። ያን ሳያደርግ የሌሎችን በር ለማዘጋት መጣደፉን ማንም ምክር ቤት ሊሰማው አይገባም።