መቶ ሊንክ ከመላክ አንድ መምረጥ

የእንግሊዝኛ መምህራን በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ የማይጠፋ መልእክት አለ፦ «እንግሊዝኛን በነፃ ለመማር የሚረዱ 100 ድረ ገጾች»። መምህሩ ያመሰግንና ለተማሪዎቹ ያስተላልፋል። ተማሪውም ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ዝርዝሩን የማልወደው ድረ ገጾቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ከባዱን ሥራ፣ ማለትም መምረጡን፣ ገና ቋንቋውን ለማያውቀው ሰው ጥሎበት መሄዱ ነው። አንድ ጀማሪ የትኛው ቪዲዮ ለእሱ እንደሚሆን ለይቶ ማወቅ ቢችል ኖሮ መምህር ባላስፈለገውም ነበር።

በነፃ የሚገኝ የእንግሊዝኛ ትምህርት ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። ቢቢሲ በሬዲዮ እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረው በ1943 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለውን ዝግጅት ጀመረ። ዜናው የሚነገረው 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ ይዞ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከተለመደው የዜና አነባበብ ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ በሚሆን ዝግታ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ያ ቁጥብነት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህ ቃል ይግባ፣ ያኛው ይውጣ ብሎ ወስኗል። ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም። መምህሩ ካልወሰነ የሚወስነው የዩቲዩብ ስልተ ቀመር፣ ማለትም ቀጣዩን ቪዲዮ የሚመርጠው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ተማሪው ብዙ እንዲያይ እንጂ ብዙ እንዲያውቅ አይደለም።

«የተለያዩ ተማሪዎች» የሚለው ነገር ሲነሣ ሥልጠናዎች ላይ ወዲያው የሚመጣ አንድ ክፍፍል አለ፦ በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእንቅስቃሴ የሚማር። እኔ ይህን ክፍፍል ትቼዋለሁ። በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው፣ ተማሪን በእንዲህ ዓይነት ምድብ ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ጽፈዋል። ሰው ቪዲዮ ማየት ይወዳል ማለት በቪዲዮ የተሻለ ይማራል ማለት አይደለም። ለመሆኑ «በዓይኑ ለሚማር» ተማሪ የቃላትን አነባበብ በሥዕል ልናስተምረው ነው?

እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ከዚህ ይልቅ ወደ ተግባር የቀረቡ ናቸው። አሁን ምን ያህል ያውቃል? እንግሊዝኛውን ነገ ምን ሊሠራበት ነው? በራሱ ቋንቋ ማንበብ ይችላል? እጁ ላይ ያለው ስልክስ ምን ይችላል?

ከመጀመሪያው እንነሣ። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 ባወጣው ሥራ ላይ እንዳሰላው፣ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት ለመረዳት ከመቶው ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል ቢባል፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦችን (አንድ ቃልና ከእሱ የሚወጡት ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው) ማወቅ ይጠይቃል። ንግግር ሰምቶ ለመረዳት ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል። ጥቂት መቶ ቃል የያዘን ሰው «ፊልም እያየህ ተማር፣ ይለምድሃል» ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ይለምደዋል፤ የሚለምደው ግን የግርጌ ጽሑፉን በራሱ ቋንቋ ማንበብ ነው።

አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ላሳይ። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ሁለት ሰዎች በአንድ ርዕስ ላይ የሚጨዋወቱበት ዝግጅት ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስት ምርጫ ያለው ጥያቄ ይቀርባል፤ መልሱ የሚነገረው ወደ መጨረሻው ነው። በመሀል ስድስት ቃላትና አባባሎች ይብራራሉ፤ ንግግሩም በጽሑፍ ተያይዟል። በሥራው ምክንያት በስልክ እንግሊዝኛ መስማት ግድ ለሆነበት፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ አዋቂ ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው። ስድስቱን ደቂቃ አንዴ ሰምቶ «ገባኝ» ብሎ ከዘጋው ግን ምንም አልሠራም።

የማሠራው እንዲህ ነው። ጥያቄው እስኪቀርብ ሰምቶ ያቆማል፤ መልሱን ገምቶ ይጽፋል። አሁን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥበት ምክንያት አገኘ። ቀጥሎ ከመሀል ሠላሳ ሰከንድ ያህል እመርጥለታለሁ። ጽሑፉን ሳያይ፣ የፈለገውን ያህል እየመለሰ፣ የሰማውን ቃል በቃል ይጽፋል። ከዚያ ጽሑፉን ከፍቶ ከራሱ ወረቀት ጋር ያስተያያል፤ ያመለጠውን በቀይ ያሰምርበታል።

ቀይ የተሰመረበት ቦታ ላይ የሚገኘው ነገር ብዙዎችን ያስደንቃቸዋል። ያመለጣቸው የማያውቁት ከባድ ቃል አይደለም፤ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ የሚያውቁት ቀላል ቃል ነው። «ዲድ ዩ» ብለው ተምረዋል፤ ጆሯቸው የደረሰው ግን «ዲጁ» ነው። «ጎይንግ ቱ» ያሉት «ገና» ሆኖ አልፏቸዋል። በራሱ መዝገበ ቃላት ላይ ሌላ አምስት መቶ ቃል ቢጨምር ይህ ችግር አይፈታለትም። የሚፈታው ያችኑ ሠላሳ ሰከንድ ከተናጋሪው ጋር አብሮ፣ በእሱ ፍጥነት፣ አፉ እስኪላመድ እየደገመ ሲላት ነው። አንድ ድረ ገጽ፣ አንድ ድምፅ፣ ሠላሳ ሰከንድ፤ ለሳምንት የሚበቃ ሥራ ወጣው።

ይኸው ዝግጅት ለጀማሪ ግን አይሆንም፤ ቀስ አድርጎ ማጫወትም አያድነውም። ለጀማሪ እንደ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» ያሉ የተረት ድረ ገጾችን እመርጣለሁ። መጻሕፍቱ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ በአንድ ገጽ አንድ ሥዕልና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይገኛል። ብዙዎቹ ተረቶች በተለያዩ ቋንቋዎች ስለተተረጎሙ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ ካነበበ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው መሻገር ይችላል። የፈቃድ ዓይነታቸውም ማተምና ማባዛትን ስለሚፈቅድ፣ ኢንተርኔት የሌለበት ክፍል ድረስ ይደርሳሉ። አዋቂዎች «የልጆች ነው» ብለው ቅር እንዳይላቸው ከተረቶቹ ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚነገርባቸውን መምረጥ ይሻላል።

ልጆች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የብሪቲሽ ካውንስል የልጆች ገጽ ላይ ያሉት ዘፈኖችና ጨዋታዎች ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ታብሌቱን ሰጥቶ ዘወር ማለት ማስተማር አይደለም። ሕፃናት ቋንቋ እንዴት እንደሚለምዱ የምታጠናው ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከምትናገር ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩት ግን አልቻሉም። ሕፃንና የሰባት ዓመት ልጅ አንድ ባይሆኑም፣ ዘፈኑን አብሮ የሚዘፍን፣ «ቀዩ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ አዋቂ አጠገቡ ያለ ልጅ ከስክሪኑ ብዙ ይዞ ሲወጣ በየጊዜው አያለሁ። ያ አዋቂ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር አይጠበቅበትም።

በራሱ ቋንቋ ፊደል ያልቆጠረ አዋቂ ደግሞ በየዝርዝሩ የሚረሳ ተማሪ ነው። አብዛኞቹ አፖች «ትክክለኛውን ምረጥ» የሚሉት በጽሑፍ ነው። ለዚህ ሰው የሚሠራው የድምፅ መልእክት ነው፤ መምህሩ በቴሌግራም አንድ ጥያቄ በድምፁ ይልካል፣ ተማሪው በድምፁ ይመልሳል። ምንም ድረ ገጽ አላስፈለገም። ዓይነ ስውር ተማሪም በሥዕል ላይ በተመሠረተ አፕ መግቢያው ላይ ይቀራል፤ ድምፅና በስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚነበብ ጽሑፍ አንድ ላይ ያለው ነገር ግን ከሌሎቹ እኩል ያስኬደዋል። መስማት ለተሳነው ተማሪ ቪዲዮ ሲመረጥ የግርጌ ጽሑፉ በሰው የተጻፈ ይሁን፤ ማሽን የጻፈው ስሞችንና ቁጥሮችን ያበላሻል።

ስለ ዳታ ብዙ አልልም፤ ሒሳቡ ግን ይታወቅ። በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ የስድስት ደቂቃ ድምፅ ሦስት ሜጋባይት አይሞላም። እኩል ርዝመት ያለው ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት እንኳ የዚህን ከአሥር እጥፍ በላይ ሊበላ ይችላል። የተናጋሪውን ፊት ማየት ትምህርቱን የማይጨምርበት ከሆነ ድምፁን ብቻ መላክ ይበቃል።

አፖችንስ? በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎና መሰሎቹ ቃላትን በየጊዜው እየመለሱ በማስታወስ ጎበዞች ናቸው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንዳሳየው የተማርነውን ቶሎ የምንረሳ ሰዎች ስለሆንን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ከተሰጡ ቃላት ዓረፍተ ነገር መገጣጠም እና ከባዶ ተነሥቶ መናገር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አፑ የሚቆጥርለት ተከታታይ ቀኖች እንዳይቋረጡበት በየሌሊቱ የሚጨነቅ፣ ግን «ስምህ ማን ነው» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያልበው ተማሪ አፑን አይጥላ፤ አሥር ደቂቃ ይስጠውና የቀረውን ጊዜ ለአፉ ያድርገው።

ለአፉ ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቻትጂፒቲና ቢጤዎቹ፣ ማለትም እንደ ሰው የሚያወሩ ፕሮግራሞች መጥተዋል። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ይፈራሉ፤ እኔ ግን ሰው ፊት መሳሳት ለሚያሳፍረው አዋቂ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላየሁም። ዝም ብሎ «እንግሊዝኛ አስተምረኝ» ካለው ግን የሰዋስው ትምህርት ያዘንብበታል፣ ወይም ያለ ምክንያት ያሞግሰዋል። ስለዚህ ትእዛዙን አብረን እንጽፋለን፦ «አንተ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምታደርግልኝ ኃላፊ ነህ። አንድ በአንድ ጠይቀኝ። ጥያቄህ ከአሥር ቃል አይብለጥ። ስሳሳት አታቋርጠኝ፤ በመጨረሻ ላይ ሁለት ስህተቴን ብቻ ንገረኝ»። ተማሪው ንግግሩን አስቀምጦ ያመጣልኛል። ማሽኑ የሰጠውን እርማት አነባለሁ፤ አንዳንዴ ትክክል የነበረውን በሙሉ ልብ «ያርማል»፣ ያንን እሰርዛለሁ። ከዚያ የክፍል ጓደኛው የኃላፊውን ቦታ ይዞ ያንኑ ቃለ መጠይቅ ያደርግለታል፤ በዚህ ጊዜ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል።