ምን ሆኜ ነው የምዝናናው?

ነገሩን የጀመረችው ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከች። እሷ ጋ ገና አመሻሽ ነው። «እማዬና አባዬ እያረጁ ነው። ልጆቹም እያደጉ ነው። እስቲ አንድ ላይ ሰብስባችሁ የሆነ ቦታ ወስዳችሁ አዝናኗቸው። ወጪው በእኔ» አለች። የመጨረሻዋን ቃል ከሰማን በኋላ ሐሳቡ የሁላችንም ሆነ።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ምን ሆኜ ነው የምዝናናው?» አለችኝ።

የምሯን ነው። የእናቴ ትውልድ መንገድ የሚወጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ስለት፣ ጠበል፣ የታመመ መጠየቅ። ቁልቢ ሄዳለች። ግሸን ሄዳለች። ዝቋላን በእግሯ ወጥታለች። በአውቶቡስ ከበሮ እየተመታ ሌሊቱን ሙሉ ስትዘምር ሄዳ፣ በማግስቱ ቆማ አስቀድሳ፣ በዚያው ተመልሳ ሰኞ ጠዋት ልብስ ታጥባለች። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ፣ ዝም ብሎ ሄዶ ውሃ ዳር መቀመጥ ግን አልገባትም። «ጎረቤት ምን ሆነው ነው የሄዱት ቢል ምን ይባላል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እውነትም ምን ይባላል?

የት እንሂድ የሚለው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ሶደሬ ፍል ውሃ አለ። ባለቤቴ ቢሾፍቱ አለች። ልጆቹ ዋና ካለ የትም ይሄዳሉ። እናቴ «ካላችሁማ ደብረ ሊባኖስ» አለች። በመጨረሻ ሐዋሳ አሸነፈች። ሐይቁ ለልጆቹ። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ለአባቴ ጉልበት። ቅዱስ ገብርኤል ለእናቴ። ዓሣው ለእኛ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም አትከብድም ተባለ። ይህን ያለው ባንክ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ላጤ ነው።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ቀን መፈለግ ጀመርን። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ለተቀጣሪዎቹ ቀላል ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ልጆቹም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነፃ ናቸው። ለጡረተኛ ፈቃድ የሚሰጥ አዋጅ ግን የለም። እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ አንድም ቀን እረፍት ወጥታ አታውቅም።

ክረምት ላይ ይሁን አልን። ሐምሌ ዝናብ ነው። ነሐሴ ሲጠባ ፍልሰታ ይገባል፤ እናቴን ከቅዳሴ የሚለያት የለም። ጳጉሜን ላይ የበዓል ገበያ አለ። ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ፆም ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። የቀረን ጥር ነው፤ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው አንድ ሳምንት ያርፋሉ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ዐቢይ ፆም ሳይገባ አገር ሁሉ ይጋባል። እናቴ ቴሌቪዥኑ ጎን አራት የጥሪ ካርድ ደርድራለች። አንዱን የሙሽራውን እናት ስም እንኳ አታውቀውም። «የእኔን ልጅ ሰርግ መጥታለች» አለች። የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የእኔ ሰርግ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ወርኃዊው አለ። በ12 የሚካኤል ማኅበር፣ በ21 የማርያም፣ በወር አንድ እሑድ ሰንበቴ። አባቴ በበኩሉ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው። «እኔ በሌለሁበት ሰው ቢሞትስ?» አለ። ወንድሜ «ለአራት ቀን መሞት ክልክል ነው ብለን እንለጥፍ?» ብሎ ቀለደ። አባቴ አልሳቀም። ሄዶ የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ ለጸሐፊው በፊርማ አስረከበ። አገር ለቆ የሚሄድ ሹም ነበር የሚመስለው።

በመጨረሻ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። ከማርያም ማኅበር ማግስት፣ ሐሙስ ጥር 22፣ እስከ እሑድ ጥር 25። ነነዌም ገና አልገባችም። እሑድ አንድ ሰርግ ነበር፤ እናቴ ፖስታውን በጎረቤት ላከች። እስከ ዛሬ ቅር ይላታል።

ወንድሜ ፕሮግራሙን በኤክሴል ሠራው። መነሻ 12 ሰዓት። ሽንት ቤት አንድ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ። ዓርብ ንጋት ታቦር ተራራን መውጣት። ማን እንደሚወጣው አልተጻፈም።

ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወላጆቼ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላና ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጆቹም ቦርሳቸውን አዝለው አጠገባቸው አሉ። የተነሳነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያዘገየናቸው እኛ መሐለኞቹ ነን። አንዱ ቻርጀር ይፈልጋል። አንዷ ፀጉሯን ታደርቃለች። እዚሁ ያለችው የሌላዋ እህቴ ባል «አንድ ኢሜይል ብቻ» ይላል።

የተከራየነው ሃይሩፍ ሹፌር ዕቃችንን ሲያይ «ቤት እየቀየራችሁ ነው?» አለ። ሁለት ድፎ ዳቦ። ጭኮ። በሶ። ለአሥር ሰው ሳይሆን ለአንድ ክፍለ ጦር የሚበቃ ቆሎ። ሽሮ፣ በርበሬ። ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ በፌስታል የታሰረ ከሰል። አምስት ጋቢ። የአባቴ ከዘራና ሬዲዮ። የሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ፖፖ። ሆቴል ነው የምንሄደው ብንላት እናቴ «ሆቴል ምግብ ሆድ ይነፋል» አለች።

ጋቢና የአባቴ ነው። ይህ ለክርክር አልቀረበም። ሹፌሩ ኤሲ ከፈተ። አባቴ ዘጋው። አባቴ ዘንድ ኤሲ ማለት በገንዘብ የተገዛ ብርድ ነው። መስኮት ከፈትን። እናቴ «ነፋስ ይመታቸዋል» ብላ አስዘጋችን። ሞጆን አልፈን ስምጥ ሸለቆው ሲግል፣ አሥር ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ እንደ ዳቦ በሰልን። የአምስት ዓመቷ ልጄ አስመለሳት። እናቴ ከጉያዋ ሎሚ አወጣች፤ ሎሚው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ እንቆማለን የተባለው በየግማሽ ሰዓቱ ሆነ። አባቴ የደም ግፊት ኪኒኑ ሽንት ያበዛበታል። ትንሿ ደግሞ ከዳይፐር መላቀቋ ነው። አባቴ «ቁም!» ሲል እሷ ፖፖዋን ታነሳለች። እሷ ስታለቅስ አባቴ በሩን ይከፍታል። እንዲህ የተናበበ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የከተሞቹ ስም ሌላ ጣጣ ነበር። አባቴ «ደብረ ዘይት ደረስን» ይላል። የስምንት ዓመቱ ልጄ «አባባ፣ ቢሾፍቱ ነው» ይላል። «ዝዋይ!» «ባቱ!» እንዲህ እያሉ ሁሉንም ከተማ ሁለት ሁለት ጊዜ አለፍነው። ላንጋኖ ላይ ግን ተስማሙ። ልጄ ቡናማውን ውሃ አይቶ «ማኪያቶ ነው» አለ። አባቴ አሰበና «ወተቱ አንሷል» አለ።

ባቱ ላይ እናቴ ቲማቲም ረክሶ አየች። በሳጥን ገዛች። «ስንመለስ አይሻልም?» አልናት። «ስንመለስ ቢወደድስ?» አለች። ስለዚህ አንድ ሳጥን ቲማቲም ሐዋሳ ድረስ ለሽርሽር ሄዶ ተመለሰ። የእኛን ያህል ተዝናንቷል።

ሆቴሉ በር ላይ ጥበቃው ፌስታሉን ፈትሾ «እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» አላት። «ከሰል።» «ለምን?» «ለቡና ነዋ፣ ልጄ!» ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ከኋላው ተለጥፏል። ምን ተነጋግረው እንደተግባቡ አላውቅም። ማታ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው ሣር ላይ እጣን ሲጨስ ደረስኩ። ጥበቃው በረካውን እየጠጣ ነው።

አራት ክፍል ነበር የያዝነው። የተኛነው ሦስቱ ውስጥ ነው። አባቴ ፍራሹ «ይውጠኛል» ብሎ ወለል ላይ አስነጠፈ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ አልጋቸውን ጥለው እሱ ጋ ተደረደሩ። እናቴ አራተኛውን ክፍል ለቲማቲሙ ሰጠችው። ጠዋት አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ስትመጣ አልጋው ተነጥፏል፤ ወለሉም ተጠርጓል። «ሰው ቤት አድሬ አልጋዬን ሳላነጥፍ ልውጣ?» አለች እናቴ። ልጅቷን አስቀምጣ ዳቦ አበላቻት። ስንት ወንድምና እህት እንዳላት፣ እናቷን ምን እንደሚያማት ለማወቅ አሥር ደቂቃ በቃት።

ዓርብ ንጋት ነቅተን ስናይ የአባቴ ክፍል ባዶ ነው። ሽማግሌም ሕፃንም የለም። ታቦርን ሊወጣ የነበረው ወንድሜ ገና ተኝቷል። በሸበጥ እየሮጥን ወጣን። ፍቅር ሐይቅ ዳር አገኘናቸው። አምስቱም ጋቢ ተከናንበው በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ቆሎ እየበሉ ጀልባ ይቆጥራሉ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናቸው። ሁለቱም ወገን ሲነጋ ነው የሚነቃው። ሁለቱም ምሳ በልቶ ይተኛል። ሁለቱም ፒዛ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ትንሿ ቺዙን ልሳ ትተወዋለች፣ አባቴ ሳይልስ ይተወዋል። ሦስት ወር ሙሉ እነሱን እንዴት እናስማማ ብለን ስንጨነቅ ነበር። ከእነሱ ጋር ያልተስማማነው እኛ ነን።

ከዚያ አሞራ ገደል ሄድን። ዓርብ መሆኑን የረሳው ኤክሴሉ ነው። ዓሣው ፊታችን ይጠበሳል። ወንድሜ «ዓሣ እኮ ደም የለውም፣ ይፆማል» ብሎ ጀመረ። እናቴ አየችው ብቻ። የተጀመረውን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰውም። እሷ ዳቦዋን በላች። እኛ ግን በላን፤ ጀርባችንን ለእሷ ሰጥተን።

እዚያ ራሳቸው መላጣ፣ ጀርባቸው ጥቁር የሆነ ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ረጅም እግራቸው ላይ ቆመው፣ ክንፋቸውን ከኋላ አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ልጄ አያቱን እጁን ጎተተውና «አባባ፣ የእድርህ ሰዎች ናቸው?» አለ። አባቴ ብዙ ቆይቶ «ዳኛው መሐል ያለው ነው» አለ። በአራቱ ቀን ውስጥ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወዲያው ጦጣ ወርዶ የትንሿን ዳቦ ነጥቆ ሮጠ። ስታለቅስ እናቴ «ተይው፣ ርቦት ነው» ብላ ሌላ ቆረሰችላት፤ ለጦጣውም ጨመረችለት።

በሁለተኛው ቀን የፈራነው ደረሰ። እናቴ ዋጋ እንዳታይ ሜኑ ስንደብቅ ቆይተናል። ሻይ 15 ብር ነው ብለናታል። «እሱም ውድ ነው» ብላ ነበር። የስምንት ዓመቱ ግን ማንበብ ይችላል። ለዚያ ነው በየወሩ የምንከፍለው። «እማማ፣ 120 ነው የሚለው። ቫት ደግሞ ለብቻው ይጨመራል» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። አንስታ መልሳ አየችው። ከዚያ በኋላ ያዘዘችው ፍል ውሃ ብቻ ነው፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከቦርሳዋ ታወጣለች። ፍል ውሃውንም 40 ብር አስከፈሉን። ይህንን እስከ ዛሬ አልነገርናትም።

እሑድ ገብርኤል አስቀድሳ ተነሳን። ስንመለስ ብዙም አላወራችም። ቤት ስንገባ ለእህቴ የድምፅ መልእክት እንድትልክ ስልኩን ሰጠኋት። «ደህና ነው። ውሃም አየን። ገንዘብሽን ግን አታባክኚ» ብላ መለሰችልኝ። ታላቅ እህቴ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም። ወንድሜ ኤክሴሉን ዘጋ። ቲማቲሙ ድልህ ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሃይሩፉ ሹፌር ደወለልኝ። «ወንድም፣ የሐምሌውን ጉዞ ላረጋግጥ ነው» አለ።

«የምን ሐምሌ?»

«ሐዋሳ ነዋ። ሐምሌ 19፣ ለገብርኤል ንግሥ። እማማ ቀብድ ከፍለዋል። የማኅበራቸው ሰዎች ናቸው የሚሄዱት። ዋጋም አስቀንሰውኛል፤ በእናንተ ዋጋ አይደለም።»

እኛ ሦስት ወር የፈጀንበትን እሷ ከጋቢና ኋላ ተቀምጣ፣ ከሻሸመኔ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ጨርሳዋለች። ፈቃዴን ከወዲሁ ልሙላ ብዬ እኛ ስንት ወንበር እንደተያዘልን ጠየቅኩት። ወረቀት ሲገለብጥ ተሰማኝ።

«አባባ ጋቢና አሉ። ሦስቱ ልጆች አሉ» አለ። «የእናንተን ስም ግን አላየሁም።»