ይግባኝ የሌለው ፍርድ

በምኖርበት በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ በፎርት ሳም ሂውስተን የጦር መካነ መቃብር፣ የተሰቀሉ ጥቁር የአሜሪካ ወታደሮች የተቀበሩበት ቦታ አለ። ጥቁር ወታደሮች በሂውስተን ከተማ ከፖሊስና ከነዋሪዎች ጋር በተጋጩበት ሁከት ተከሰው፣ 13ቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1917 ጎሕ ሲቀድ ተሰቀሉ። መዝገባቸውን ዋሽንግተን ያለ ማንም ሰው አስቀድሞ አልመረመረውም፤ አገሩ መሰቀላቸውን የሰማው ከሞቱ በኋላ ነው። ቁጣው በርትቶ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የሞት ፍርድ ከበላይ ሳይመረመር እንዳይፈጸም ጦሩ ትእዛዝ አወጣ። ለእነርሱ ግን አልደረሰም። የመቃብራቸው ድንጋይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስምና የሞቱበትን ቀን ብቻ ይዞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦሩ የ110 ወታደሮችን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሻረ፤ በ2024 ማዕረግና የጦር ክፍል የተጻፈበት አዲስ ድንጋይ ቆመ።

ዛሬ እዚያ ከባድ ቅጣት የተፈረደበት ወታደር መዝገቡ ራሱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ጠበቃም ያለ ክፍያ ይቆምለታል። ከዚያም በላይ አምስት ሲቪል ዳኞች ያሉበት ችሎት አለ።

ድሬዳዋ ስመለስ ይህንን ከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ለአንድ ጎረቤታችን አወራኋቸው። ሐረር ጦር አካዳሚ የተማሩ የመቶ አለቃ ነበሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ያቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ፍርዱ ይግባኝ አልነበረውም፤ እርሳቸውም እዚያ ቀርበው ማዕረጋቸውን ተገፈው ታስረዋል። የፍርዱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል። እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ተበልቶ አይነበብም።

«ከዓመታቱ ይልቅ ያቺ ‹ይግባኝ የለውም› የምትለው ቃል ናት ያልለቀቀችኝ» አሉኝ።

አሁን ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ለተፈረደበት ሁሉ የይግባኝ መብት ሰጥቷል፤ ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤትም አለን። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከገጠር መጥቶ ጠመንጃ የተሸከመ ልጅ ይህንን መብቱን ፍርዱ በተነበበበት ቀን፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ጽሑፉንም የሚያዘጋጅለት ሰው አጠገቡ ሊቆም ይገባል። ለአገሩ ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ከሌላው ዜጋ ያነሰ ፍትሕ ሊሰጠው አይገባም።

የመቶ አለቃው ወረቀቱን እየጠቀለሉ፣ «ማዕረጋቸውንም ጻፉላቸው አልሽኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ድንጋዩ ላይ አለ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንደገና ጠየቁኝ።