አብርሃም እኮ ዝም አላለም
«በእግዚአብሔር ፍርድ የሚታመን ሰው ስለ ሌላው ብዙ መለመን የለበትም፣ ፈቃድህ ይሁን ብሎ ዝም ማለት ነው» ተብላ እዚህ ውይይት ላይ የተነሳችው ሐሳብ አልተዋጠችልኝም። አብርሃምን እንዴት ዘለላችሁት? ዘፍጥረት 18 ላይ ስለ ሰዶም የተከራከረው ፍርዱን ተጠራጥሮ አይደለም። የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን እንደሚፈርድ ስላመነ ነው የደፈረው። «50 ጻድቃን ቢገኙባት ከተማዋን አትምርም?» ከማለት ጀምሮ፣ ልክ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚያስቀንስ ሰው፣ 10 ድረስ ወረደ። ከተማዋ አልተረፈችም። ምዕራፍ 19 ቁጥር 29 ግን እግዚአብሔር አብርሃምን አስቦ፣ ሰዶም ይኖር የነበረውን የወንድሙን ልጅ ሎጥን ከጥፋቱ መካከል እንዳወጣው ይናገራል። የሚገርመው አብርሃም በልመናው የሎጥን ስም አንዴም አልጠራም! እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ፣ አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው የቡና ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ታስሮባቸው ነበር። ቡና በተፈላ ቁጥር አቦሉ ተቀድቶ ስኒው ፊታቸው እየቀዘቀዘ «ጌታዬ፣ የሰው ገንዘብ በልቶ ከሆነ ይክፈል፤ ልቡን ግን አትተውብኝ» ይላሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረው «አሚን» ይላሉ። «ይፈታልኝ» ሲሉ ግን አልሰማሁም። እናት ሆኖ ይሄን መቻል ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚሁ ውይይት «ለበዳይ መጸለይ ተበዳዩን መርሳት ነው» ብለሽ የጻፍሽው እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ሲደረግ አይተናል። እሳቸው ግን ከልጃቸው በፊት ስሙን ጠርተው የሚጸልዩት ለከሳሹ ነጋዴ ነበር፤ ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ ልጆቹም እንዳይቸገሩ።