የትኩረት ችግር ያለበት ልጅ ደሙ ይመርመር?

የክርክሩ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የሚታይ ልጅ ሁሉ የአይረንና የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠኑ በደም ምርመራ ይታይ? ማህሌት ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ እናት ናት፤ ይታይ ትላለች። ዳዊት የሕፃናት ነርስ ነው፤ ለሁሉም ልጅ አያስፈልግም ይላል። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማህሌት፦
በቀጥታ ልናገር። ልጁ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ የነገሩት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወላጅ መጠይቅ ይሞላል፣ መምህሩም ይሞላል፣ ከዚያ መድኃኒት ይታዘዛል። ደሙን ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ለምን?

አይረን እኮ ለደም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚሠራው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ነው፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ ያለ አይረን ሥራውን አይሠራም። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት የኤዲኤችዲ መድኃኒቶችም የሚሠሩት በዚሁ በዶፓሚን ላይ ነው። በ2004 ኮኖፋል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፈረንሳይ ውስጥ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 53 ልጆች ከሌለባቸው 27 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ፌሪቲን፣ ማለትም የተጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው መለኪያ፣ በመጀመሪያዎቹ በአማካይ 23 ነበር፤ በሌሎቹ 44። ከ30 በታች የሆኑት ከመጀመሪያዎቹ 84 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 18 በመቶ ናቸው። ይሄን የሚያህል ልዩነት ታይቶ አንድ ጠብታ ደም ሳይታይ ቢታለፍ እኔ አይገባኝም።

ዳዊት፦
ማህሌት፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን 53 ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ልዩነት ያገኙ ጥናቶች አሉ፣ ምንም ያላገኙም አሉ። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ በ2012 ኮርቴዜና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። የልጆቹን አንጎል በኤምአርአይ አዩ፤ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያለው አይረን ዝቅ ብሎ ተገኘ። የደማቸው ፌሪቲን ግን ከሌሎቹ ልጆች አልተለየም። ትንሽ ጥናት ነው፣ እሱንም አልደብቅም። ቢሆንም ደም ላይ ያለውና አንጎል ውስጥ ያለው አንድ ላይሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሌላም አለ። ፌሪቲን ኢንፌክሽን ወይም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት በላይ ላለ ጤነኛ ልጅ ከ15 በታች የሆነውን እጥረት ነው ሲል፣ ኢንፌክሽን ላለበት ልጅ ግን መስፈሪያውን ወደ 70 ከፍ የሚያደርገው። እንግዲህ 40 የሚል ወረቀት ይዘሽ ብትመጪ ልጁ ደህና ነው ልበልሽ ወይስ ጎድሎታል? ማግኒዚየም ደግሞ ይባስ፤ በሰውነት ካለው ውስጥ ደም ላይ የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው። ዚንክም ልጁ ከበላ በኋላና ከመብላቱ በፊት ይለያያል።

ደግሞስ የትኛው ቀደመ? መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ማዕድ ላይ መቀመጥ የማይችል ልጅም በደንብ አይበላም። እጥረቱ የችግሩ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

ማህሌት፦
የትኛው ቀደመ የሚለው ለተመራማሪ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለኔ ልጅ ግን ምን ይለውጣል? አይረን የጎደለው ልጅ ጎድሎታል። ከኤዲኤችዲው በፊትም ይሁን በኋላ መታከም አለበት። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ካልክ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት መለካት ያለበት ለዚሁ ነው፤ አለበለዚያ በኋላ ምን እንደቀነሰ በምን እናውቃለን?

ፌሪቲን በብግነት ከፍ ይላል ማለትህም እኔን ነው የሚደግፈው። ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ አብሮ ይታዘዝ፣ ብግነት እንዳለ ይታያል። ላቦራቶሪው ደሙን አንዴ ነው የሚቀዳው።

እንቅልፍን ደግሞ ማንም አያነሳውም። ማታ እግሩን ማሳረፍ የማይችል፣ ሲገላበጥ የሚያድር ልጅ አለ። የኤዲኤችዲ ልጆች ላይ ይሄ በብዛት ይታያል። በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ልጅ ፌሪቲኑ ከ50 በታች ከሆነ አይረን እንዲሞከርለት ይመክራሉ። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ትኩረት ከየት ያመጣል? ኮኖፋል ራሱ በ2008 የደም ማነስ የሌለባቸው፣ ግን ፌሪቲናቸው ከ30 በታች የሆነ 23 ልጆችን ወስዶ ለ12 ሳምንታት ሞክሯል። በቀን 80 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት (የአይረን ክኒን) የወሰዱት በሐኪሙ መመዘኛ ተሻሽለዋል።

ዳዊት፦
ከ23ቱ አስመሳይ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) የወሰዱት 5 ብቻ ናቸው። በሐኪሙ መመዘኛ ተሻሻሉ፤ ወላጅና መምህር በሞሉት መመዘኛ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ልጁ ቀኑን የሚያሳልፈው ከሐኪሙ ጋር አይደለም።

ወረቀቱ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ስለማየው ነው እንዲህ የምከራከረው። ምርመራው በአይረን አይቆምም። ዚንክ ይጨመራል፣ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል፣ ከቁጥሮቹ አንዱ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፣ ከዚያ ቤተሰቡ በከረጢት ሰፕሊመንት ይዞ ይገባል። ማስረጃውስ? ዚንክ በ2004 ቱርክ ውስጥ 400 ልጆች ላይ ተሞክሮ መቅበጥበጡና ችኮላው ቀነሰ፣ የትኩረት ጉድለቱ ግን ባለበት ቆየ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ በቀን 15 ሚሊግራም ብቻውን ሲሰጥ ከአስመሳዩ አልበለጠም። ሲበዛ ደግሞ መዳብ ከሰውነት እንዲጎድል ያደርጋል። ኦሜጋ 3ን ተዪው። የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ2023 እስከ 37 ሙከራ ሰብስቦ በወላጅ መመዘኛ የትኩረት ማነሱ ላይ ለውጥ አላገኘም፤ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስም በ2018 መመሪያው ለኤዲኤችዲ ሕክምና ብላችሁ አትስጡ ይላል። የአይረን ክኒን ደግሞ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ከረሜላ መስሏቸው ጥቂት ፍሬ ቢውጡ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ማህሌት፦
ወንድሜ፣ አሁን የምትከራከረው ከሰፕሊመንት ጋር ነው። ከምርመራው ጋር አይደለም። ወላጅ እኮ ሳይለካም እየገዛ ነው! አንዱ ጎረቤት ነገረኝ ብሎ ዚንክ ይሰጣል፣ ሌላው በቪዲዮ ያየውን ያዛል። ይሄን ሊያስቆም የሚችል ነገር ካለ ልክ የሆነ ቁጥር ነው፤ ፌሪቲኑ ደህና የሆነ ልጅ አይረን አያስፈልገውም ብሎ ሐኪሙ አፉን ሞልቶ መናገር የሚችለው ሲያየው ነው። ዚንክ አልጠየቅኩም። ማግኒዚየምም አልጠየቅኩም፤ ማዕድን ለመለካት የሚደረገው የፀጉር ምርመራማ ጨርሶ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየው)፣ ፌሪቲን፣ ሲአርፒ፣ በቃ። ልጁ አሮጌ ቀለም የሚላላጥበት ቤት የሚኖር ከሆነ ወይም ባትሪ የሚቀልጥበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ይጨመር። ሊድ ትኩረትን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፣ አይረን የጎደለው ልጅ ደግሞ ሊድን ከሌላው አብልጦ ወደ ሰውነቱ ያስገባል።

ዳዊት፦
ሊድ ላይ አንከራከርም። የተጋለጠ ልጅ ይለካ።

ግን ዋናው ስጋቴን ገና አልነገርኩሽም። ፌሪቲን 22 የሚል ወረቀት እጃቸው ሲገባ ብዙ ወላጆች በእፎይታ ይተነፍሳሉ። ተገኘ ይላሉ። ልጃችን ኤዲኤችዲ የለበትም፣ አይረን ነው የጎደለው። ከዚያ ቀጠሮው ይቀራል፣ መድኃኒቱ ይቀራል፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የተጀመረው ንግግር ይቀራል። አይረን ተጠራቅሞ እስኪሞላ ወራት ይፈጃል፤ ልጁ በእነዚያ ወራት ክፍል ውስጥ እየተቀጣ፣ ጓደኛ እያጣ፣ ሰነፍ እየተባለ ይከርማል። ኤዲኤችዲ እኮ በደም አይታወቅም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአእምሮ ችግሮች መለያ መጽሐፍ ዲኤስኤም-5 ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ፣ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ ቦታ የሚታዩ ይላል። የመንታ ጥናቶችም በልጆች መካከል ካለው ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ ከዘር የሚመጣ መሆኑን ያሳያሉ።

እናትየዋስ? ምግብ በደንብ አላበላሽውም ማለት ነው ተብላ ትወቀሳለች። ወረቀቱ ማስረጃ ይሆንባታል።

ማህሌት፦
እሱን ለኔ አትንገረኝ። ወረቀት ሳይኖርም እንወቀሳለን። ሥርዓት አላስያዝሽውም ይሉናል፣ አሞላቀቅሽው ይሉናል፣ ስልክ ሰጠሽው ይሉናል። አንድ ወረቀት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለ መዘግየቱ ግን እውነትህን ነው፣ እኔንም ያስፈራኛል። ለዚያ መፍትሔው አለመለካት አይደለም። ምርመራውም መድኃኒቱም በአንድ ቀን ይታዘዙ። ማን ነው አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ያለው?

ዳዊት፦
በአንድ ቀን ከሆነ ብዙ ርቀን አይደለንም። እኔ ግን ልጅ እመርጣለሁ። የገረጣ፣ አፈር የሚበላ፣ ምግብ የሚመርጥ፣ ማታ እግሩ የማያርፍ ልጅ ይመርመር። በደንብ የሚበላ፣ የሚያድግ፣ የሚተኛ ልጅ ግን ለምን መርፌ ይወጋ?

ማህሌት፦
ምክንያቱም ፊቱን አይተህ አታውቀውም። ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ ፌሪቲኑ የወረደ ልጅ አይገረጣም። አንተ የምትመርጠው የታየህን ነው፤ እኔ የምጨነቀው ለማይታየው ነው።

ዳዊት፦
እሺ፣ ያ የማይታየው ልጅ 25 ቢወጣ? የዓለም ጤና ድርጅት እጥረት አይለውም፣ የኮኖፋል ጥናት ዝቅተኛ ይለዋል፣ የእንቅልፍ ሐኪሞቹ ከ50 በታች ነው ይላሉ። ምን ትሰጪዋለሽ?

ማህሌት፦
ለ25ቱ? አመጋገቡንና እንቅልፉን በደንብ እጠይቃለሁ። እግሩ ማታ የማያርፍ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ አይረን ይጀምራል፤ ካልሆነ ምግቡ ተስተካክሎ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። የኤዲኤችዲ መድኃኒቱ ግን በዚያው ሳምንት ይጀመር።